ሳጥን የሆኑት ምልክቶች

አባቴ ዓይናቸው መድከሙን የነገሩን እሳቸው አልነበሩም። ያወቅነው በደብራችን ክብረ በዓል፣ ማኅሌቱ ሊያልቅ ሲል ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ደብር ድጓ ሲያስተምሩና ማኅሌት ሲመሩ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት። የዚያን ዕለት መጽሐፉን አትሮንሱ ላይ ዘርግተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲመሩ ቆዩና መካከል ላይ ዝም አሉ። በወዲያኛው በኩል የቆሙት ሊቃውንት ትንፋሽ የሚወስዱ መስሏቸው ጠበቁ። አባቴ ጎንበስ አሉ፣ መጽሐፉን የንጋቱ ብርሃን ወደሚገባበት አዞሩት፣ ገጹን አቧራ እንዳለበት ሁሉ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ አጠገባቸው ለቆመው ካህን ቀስ ብለው «አንተ ቀጥል» አሉት።

ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳከምኳቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ነርቭ መጎዳቱን ነገረን። የሄደው አይመለስም፤ የማዝላቸው ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው አለ። ጥቁር በነጭ ላይ ደምቆ የተጻፈ ነገር ለጊዜው ያያሉ፣ የደበዘዘ ነገር ግን ያስቸግራቸዋል ብሎ ሲያስረዳን አባቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡት ነበር። ስንመለስ ጣርማበር ላይ ጉም መንገዱን ሸፈነው፤ ሹፌሩም አውቶቡሱን እያዘገመ ይነዳ ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት አፈጠጠ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አሁን እንግዲህ ሁላችሁም እንደኔ ናችሁ» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር።

እኔ ዘመሮ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። አንድ ክፍል ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የትምህርት ቤት ፈተና አባዛለሁ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብና የሠርግ መጥሪያ እሠራለሁ። አባቴ ወደ ሱቄ ብዙም አይመጡም ነበር። ከሐኪም ቤት በተመለስን ሰሞን ግን በገበያ ቀን መጡ። በጎቹንና ሰዉን አልፈው፣ በር ላይ ያለውን ድንጋይ በበትራቸው ፈልገው ገቡና ተቀመጡ። እስክረጋ ጠበቁኝ። ከዚያ ፊደል ማተለቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ይቻላል፣ አባባ።»

«ምን ያህል?»

«የፈለጉትን ያህል።»

ላሳያቸው ብዬ «ሃሌ ሉያ» የሚለውን ብቻ ወረቀቱን ሞልቶ እንዲወጣ አድርጌ አተምኩላቸው። ወረቀቱን ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙት፣ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንደገና አዩት። አነበቡት። ከበዓሉ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር።

ፊደሉ እንዲተልቅላቸው የሚፈልጉት መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ያኔ ነገሩኝ። ከራቤል ወዲያ ባለ ገዳም ውስጥ፣ የድጓ መምህራቸው በገዛ እጃቸው የጻፉት የብራና መጽሐፍ አለ። መምህሩ ካረፉ ቆይተዋል። የገዳሙ አበምኔት የአባቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ስለነበሩ መጽሐፉን ክረምቱን ሊያውሱን ፈቀዱ። የጽጌ ጾም ሳይገባ ግን መመለስ አለበት፤ ገዳሙ ራሱ ማኅሌት ይቆምበታል። አባቴ የታተመ ድጓ አላቸው። ነገር ግን ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው፣ ምልክቱም በአንዳንድ ቦታ ከመምህራቸው ይለያል። ቃሉንማ በቃላቸው ያውቁታል። የሚፈሩት ምልክቱን ነው። «ዜማ በቃል ሲቀመጥ ቀስ እያለ እንደ ባለቤቱ ይሆናል፤ ዓይን ካልጠበቀው ሰውየው ሳያውቀው ይለውጠዋል» አሉኝ።

ምልክት የሚሉት ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ነው። አንዱ ድምፅን ያዝ አድርግ ይላል፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ እየተርገበገብክ ውረድ። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያሉ አባቴ ስማቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጠሩ ሰምቻለሁ። መልካቸውን አውቃለሁ። ማዜሙን ግን አልተማርኩም።

መጽሐፉ በሐምሌ ዝናብ፣ ከበግ ሱፍ በተሠራ ባና ተጠቅልሎ፣ ባናው ላይ ፕላስቲክ ታስሮበት በበቅሎ መጣ። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላሉን መንገድ ነበር። ፎቶ ኮፒው ላይ አጉልቼ ላወጣው ሞከርኩ። ብራናው ጠቁሯል፣ ቀይ ቀለሙ ሸሽቷል፤ ማሽኑ ያወጣልኝ በጭቃ እግር የተረገጠ የመሰለ ወረቀት ነው። በስልክ ፎቶ አንስቼ ለአባቴ አሳየኋቸው። ጣቴን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ገጹ ይሸሽባቸዋል፤ ተዪው አሉኝ። ስለዚህ እንደ አዲስ ልጽፈው ተነሣሁ።

ቃሉን መጻፍ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ምልክቱ ነው። የኔ ኮምፒውተር የሚሠራው በነፃ በሚገኝ ሲስተም ነው፤ ኮሌጅ ሳለሁ የለመድኩት ነው፤ ቫይረስም ብዙ አያጠቃው። በዚህ ሲስተም ፕሮግራም የሚመጣው በጥቅል በጥቅል ሆኖ ነው። አንዱ ጥቅል ሲጫን የሚያስፈልጉትን ሌሎች ራሱ ይጠራቸዋል። የግድ የሆኑ አሉ። አማራጭ የሚባሉም አሉ፤ ቢኖሩ መልካም፣ ቢቀሩም ፕሮግራሙ ይሠራል የሚባልላቸው። ስፈልግ ስፈልግ የዜማ ምልክትን ልክ እንደ ብራናው ከፊደሉ በላይ የሚያስቀምጥ ጥቅል አገኘሁ። ፈቃደኛ ሰዎች የሠሩት ነው። ገጹ ላይ የተለጠፈውን ናሙና ሳየው ልቤ ዘለለ፤ ቁርጥ የአባቴ ድጓ ነው።

ምልክቶቹ የተቀረጹበት ፎንት ግን ከጥቅሉ ውስጥ አልነበረም። ከሌላ ቦታ በሊንክ የሚወርድ ነው፤ አጠገቡም «አማራጭ» የሚል ተጽፎበታል። ጥቅሉን መጫን ስጀምር ደህና ይሄድና ፎንቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሊንኩ የሚያደርሰው ቦታ የለም። ገጹ አልተገኘም ይልና የጫነውንም ጭምር ይዞ ይመለሳል። የኔ ኔትወርክ ነው ብዬ ሰማዩ ሲገለጥ ሞከርኩ፣ ሲም ቀይሬ ሞከርኩ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ጠብቄ ሞከርኩ። ያው ነው። ሊንኩን ራሱን ብከፍተው ድረ ገጹ ከናካቴው ጠፍቷል።

ጥቅሉን የሚያድሰውና ሲበላሽ የሚያስተካክለው አንድ ሰው አለ። የት አገር እንደሚኖር አላውቅም። ችግር ሲገጥማችሁ ጻፉልኝ የሚልበት ቦታ ስላለ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩለት። ሊንኩ እንደማይሠራ፣ ጥቅሉም በዚህ ምክንያት እንደማይጫን ነገርኩት። ስለ አባቴ ምንም አላልኩም። ምን አገባው ብዬ ነው።

መልሱን እስካገኝ ጭንቀቱ አልለቀቀኝም። አባቴ በየገበያው ቀን ይመጡና ጥግ ይቀመጣሉ። ምን ላይ ደረሰ ብለው አይጠይቁም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሰው ሲገባና ሲወጣ ያዳምጣሉ። አንዳንዴ ፕሪንተሩ ሲንቀሳቀስ ቀና ይላሉ። የሌላ ሰው ማመልከቻ መሆኑን ስነግራቸው «እሺ» ብለው ይመለሳሉ።

ሰውየው መለሰልኝ። በጣም ትሁት ነው። ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን፣ ፎንቱን ያስቀመጠው ድረ ገጽ መዘጋቱን አላወቅንም ነበር፣ አሁን እናስተካክለዋለን አለኝ። ብዙ ሳይቆይም አዲስ እትም አወጣ። ሱቄን ዘግቼ ነው የጫንኩት። ምንም ሳያጉረመርም፣ የትም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ። «ተጠናቋል» የሚለው ሲመጣ ለብቻዬ አጨበጨብኩ። ወዲያው የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍኩ፤ በየፊደሉ ላይ ምልክቱን አስገባሁና አተምኩ።

ከያንዳንዱ ፊደል በላይ የወጣው ትንሽ ባዶ ሳጥን ነው። ይዘቱም ሳጥን፣ ድፋቱም ሳጥን፣ ቅናቱም ሳጥን።

አባቴ የፕሪንተሩን ድምፅ ሰምተው እጃቸውን ዘርግተው ስለነበር ወረቀቱን ልደብቃቸው አልቻልኩም። ፊደሉን ያያሉ፣ ትልቅ ነው። ሳጥኑንም ያያሉ። ጣታቸውን አንዱ ሳጥን ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ይሄ አራት ማዕዘን ምንድን ነው? እኔ የማላውቀው ምልክት አለ?»

ኮምፒውተሩ መልኩን የማያውቀው ፊደል ሲገጥመው በቦታው እንዲህ ያለ ሳጥን እንደሚያስቀምጥ አስረዳኋቸው።

«አላውቅም ማለቱ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ደግ ነው» አሉ። «ከሚሳሳት አላውቅም ይበል።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለምን እንደከተቱት አልጠየቅኳቸውም።

ሰውየው ያደረገውን ነገር ቁጭ ብዬ ሳነብ ገባኝ። ፎንቱን አላገኘውም። ፎንቱ አማራጭ ስለሆነ ጥቅሉ እሱን ፈልጎ እንዳይቆም አድርጎ ሊንኩን ከጥቅሉ ውስጥ አወጣው። እኔ ሊንኩ ተበላሽቷል ብዬ ከሰስኩ፤ አሁን የተበላሸ ሊንክ የለም። አቤቱታዬ አጠገብ «ተፈቷል» የሚል ምልክት ተደርጎበት ተዘግቷል። ከሱ ወገን ሆኜ ሳየው ልክ ነው። በመላው ዓለም ለሚጠቀሙበት ለሌሎቹ ሰዎች ጥቅሉ ተጭኖላቸዋል። አማራጭ የተባለውን ዋናዬ ያደረግኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንደገና ጻፍኩለት። በዚህኛው አባቴን አነሣሁ፤ ዓይናቸውን፣ መጽሐፉን፣ መጽሐፉ የሚመለስበትን ጊዜ። የመለሰልኝን ብዙ ጊዜ ስላነበብኩት አልረሳውም። «በጣም አዝናለሁ። ፎንቱን የሠራውን ሰው በኢሜይል ፈልገነው ነበር፤ አይመልስም። እኛ ዘንድ ቅጂ የለም። ምናልባት እናንተ አገር በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ካገኘሽው እባክሽ ላኪልን፣ እኛም እንፈልገዋለን።»

የምለምነው ሰው መልሶ ለመነኝ። የምቆጣበት ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ሰውየው ግን ጥሩ ሰው ነው፤ ደመወዝ የሌለው፣ ከሥራው ሲወጣ የሚሠራው ነው።

ፍለጋ ጀመርኩ። ኮሌጅ አብራኝ የተማረች አንዲት ጓደኛዬ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። ደወልኩላት። ጠይቃ አጠያይቃ፣ የዜማ ምልክት ያለው ሌላ ፎንት ላከችልኝ። የኛ አካባቢ ኔትወርክ በዚያ ሰሞን ይጠፋ ስለነበር አንዴ ግማሹ ወርዶ ተቋረጠ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እስከነጭራሹ እምቢ አለ። በመጨረሻ በፍላሽ አድርጋ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላከችው። ጫንኩት፤ ሳጥኖቹ ጠፉና እውነተኞቹ ምልክቶች ወጡ። ይዘቱ ይዘት ነው፣ ድፋቱም ድፋት። ግን ከፊደሉ በላይ አልተቀመጡም። በፊደልና በፊደል መካከል ገብተው ተደረደሩ። ቦታቸውን የሚነግራቸው ያ የጠፋው ፎንት ነበር። እንዲህ ባደርግ እንዲያ ባደርግ ወደ ላይ አልወጣ አሉ። አንዱን ጎትቼ ሳወጣው ሌላው መስመር ይፈርሳል።

ለአባቴ አሳየኋቸው። አንድ መስመር እንኳ አላገባደዱም። ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ምልክቱ የየትኛው ፊደል እንደሆነ ሳይለይ ግራ አጋባቸው። ወረቀቱን መለሱልኝና «ምልክቱ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ እየሄደ ነው» አሉ። ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ነሐሴ እንዲሁ አለቀ። መስከረም ጠባ፣ ገብሱ ዛላ ያዘ፣ ከገዳሙም መጽሐፉ እንዳይዘገይ የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ እጄ ብቻ ነበር። ቃሉን በኮምፒውተር በትልቁ ጻፍኩት፤ በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ቦታ ተውኩ፤ አትሜ ካወጣሁ በኋላ ብራናውን አጠገቤ ዘርግቼ ምልክቱን በወፍራም ጥቁር ማርከር በየፊደሉ ላይ በእጄ አስቀመጥኩ። ቀይ አይታያቸውም። ሱቅ ሳልከፍት ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ፣ ደንበኛ ሳይኖር እሠራለሁ። ብራናው የተሻሸበት ቦታ ስደርስ ምልክት ይሁን የዝንብ ኩስ መለየት ያቅተኛል። እያጋደልኩ አየዋለሁ፣ በስልኬ መብራት አየዋለሁ። አባቴን መጠየቅ አልችልም፤ እሳቸው ብራናውን አያዩትም። በጣታቸው ግን ይዳስሱት ነበር። አንዳንዴ የመምህራቸው ብዕር የጠለቀበትን ቦታ የሚያገኙ ይመስለኛል።

አባቴ ይበልጥ ያስፈልጉኛል ያሏቸውን ክፍሎች ብቻ ነው የጨረስኩት። ሙሉውን ልጨርሰው አልቻልኩም። መጽሐፉ በመጣበት ባና ተጠቅልሎ በበቅሎው ተመለሰ። አባቴ ደጅ ድረስ ሸኙት። ጫኙ መጫኛውን አጥብቆ እስኪያስር ድረስ እጃቸውን ከባናው ላይ አላነሡም።

ወረቀቶቹን አስጠርዤ ሰጠኋቸው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ከበሩ ብርሃን ስር ተቀምጠው ገለጡት። ፊደሉን አነበቡ፤ ምልክቱንም ቀረብ ራቅ እያደረጉ አዩት። ከሐምሌ ወዲህ ዓይናቸው እንደገና ትንሽ ደክሟል፣ ያኔ የሚበቃቸው የፊደል መጠን አሁን ዳር ዳሩ ላይ ያስቸግራቸዋል። ቢሆንም ጀመሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለራሳቸው ያዜማሉ፣ እኔ ሥራ እንደያዘ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ይዘት የለም?»

ተነሥቼ አየሁ። ያሉት ፊደል ላይ ምንም የለም። የለም አልኳቸው።

«መምህሬ እዚህ ይይዙ ነበር።»

ያንን መስመር ስጽፍ አስታውሳለሁ፤ ብራናው እዚያ ጋ ውሃ ነክቶት ነበር። ምልክት ኖሮ አላየሁትም ይሆናል። ሳይኖር ቀርቶም ይሆናል። ወይም መምህሩ የጻፉት አንድ፣ ያዜሙት ሌላ ይሆናል። ወይም አባቴ ራሳቸው የፈሩት ነገር ደርሶባቸው፣ ሳያውቁት ዜማው እንደሳቸው ሆኖ ይሆናል። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ማርከሩን አንሥቼ ልጨምርበት አልኳቸው።

እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጋረዱ። «ያላየሽውን አትጻፊ» አሉኝ። «አይተሽ ነው የጻፍሽው። ያየሽውን ያህል ይቆይ።»

ወደ ገዳሙ ሰው ልኬ ላጣራ አሰብኩ። ያን ጊዜ ግን መንገዱ አስጊ ሆነ፤ ከራቤል የሚመጣውም የሚሄደውም ቀረ። ስልክ በሠራ ጊዜ አበምኔቱን አገኘኋቸው። መጻሕፍቱ ለደኅንነታቸው ሲባል ከዕቃ ቤቱ ወጥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተወስደዋል። የት እንደሆነ የሚያውቁት ጥቂት መነኮሳት ናቸው፣ በስልክም አይነገርም። አንድ ምልክት ለማየት ብዬ ምን ልበላቸው። አባቴ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ ደህና ናቸው አልኩ፤ ተባረኪ ብለውኝ ስልኩ ተቋረጠ።

ፎንቱን አሁንም አልፎ አልፎ እፈልገዋለሁ። ጥቅሉ ከዚያ ወዲህ ታድሷል። ገጹ ላይ ስለ ፎንቱ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ራሱ ተሰርዟል፤ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደነበረ እንኳ አያውቅም።

አባቴ ዘንድሮም ያስተምራሉ። ገጹን ማየት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ጥራዙን የሚይዙት ተማሪዎቻቸው ናቸው። እነሱ ወረቀቱን ያያሉ፣ አባቴ በቃላቸው ይመራሉ፤ አብረው ያዜማሉ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያ ቦታ ሲደርስ አባቴ ድምፃቸውን ያዝ ያደርጋሉ። ተማሪዎቹ ወረቀቱ ላይ ምንም ስለሌለ ያልፋሉ። ለጥቂት ጊዜ አባቴ ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ከዚያ ፈጠን ብለው ተማሪዎቹ ላይ ይደርሳሉ።